ለበረዶ ሆኪ ያሳደግኩት ጢም

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ማን እንደሆንኩ ልናገር፤ አንባቢ የማንን ቃል እያመነ እንደሆነ ማወቅ አለበት። ትምህርት ቤት የረዳኝ እስከ ስድስተኛ ክፍል ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ያስተማርኩት ራሴን በራሴ ነው፤ አስተማሪውም ተማሪውም ጎበዝ ነበሩ። ጀርመንኛ የተማርኩት ዚንድሊንገን አጠገብ በሚገኘው የኬሚካል ፋብሪካ ግድግዳ ላይ ከተለጠፉት የአደጋ ማስጠንቀቂያዎች ነው። ስለዚህ እስከ ዛሬ ድረስ ለሰው ሰላምታ ስሰጥ ያስደነግጣል ይሉኛል። ቴሌቪዥን ጠግኛለሁ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ጠግኛለሁ፣ የሰው ትዳርም ጠግኛለሁ፤ ከሦስቱ የከበደኝ የልብስ ማጠቢያው ነው። በፍራንክፈርት ካለነው የአገር ልጆች ውስጥ ከመንግሥት ቢሮ ደብዳቤ ደርሶት የደነገጠ ሁሉ የሚመጣው ቦርንሃይም ወዳለው ቤቴ ነበር። ቴርሚን፣ ማለትም ቀጠሮ፣ ሳይዝ የመጣውን ግን አላስተናግድም ነበር። የጀርመንን ሥርዓት ካከበርኩ አይቀር ሙሉውን ነው።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ጡረታ ስወጣ ለአእምሮዬ የሚመጥን ሥራ አጣሁ። ከቤቴ በእግር ሩብ ሰዓት በማይሞላ መንገድ የበረዶ ሆኪ አዳራሽ አለ። አንድ ቀን ገባሁ፤ ጨዋታው ምን እንደሆነ አልገባኝም፤ ስለዚህ ወደድኩት። ሕጉን ከጋዜጣ የስፖርት ገጽ ላይ፣ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ ተማርኩ። በሁለተኛው ወር ከልጅነቱ ጀምሮ እዚያ ሲቆም ለኖረ በርገር በሚባለው ጎዳና ላይ ለሚሠራ አንድ ዳቦ ጋጋሪ ጨዋታውን አስረዳው ነበር። እሱም እየሳቀ ይሰማኝ ነበር። ሳቁን እንደ አድናቆት ቆጠርኩለት።

እንግዲህ ስለ ቡድናችን። የእኛ ልጆች በመከር ወራት የሚያስፈሩ ነበሩ። ከዚያ ኃይላቸውን ለጥሎ ማለፉ መቆጠብ ጀመሩ፤ እስከ የካቲት ድረስ ቆጥበው ቆጥበው የት እንዳስቀመጡት ጠፋባቸው። በረኛው እጅግ ትሑት ሰው ነበር፤ ፑኳ፣ ማለትም በኳስ ፋንታ የሚጫወቱባት ጥቁር የጎማ ክብ፣ ስትመጣ መንገድ ይለቅላት ነበር። ተከላካዮቹ እንግዳ ተቀባዮች ነበሩ። አሰልጣኙ ከእያንዳንዱ ሽንፈት በኋላ ቡድኑ ጥሩ ጠባይ አሳይቷል ብሎ ለጋዜጠኞች ይናገር ነበር። ጠባይ ማየት ብንፈልግማ ቤተ ክርስቲያን እንሄድ ነበር። በደረጃ ሰንጠረዡ ላይ ወደ ጥሎ ማለፍ የሚገቡትንና የማይገቡትን የሚለይ አንድ መስመር አለ፤ እኛ ከመስመሩ በታች ተኝተን፣ ስድስት ጨዋታ ብቻ ቀረን።

ያኔ ዳቦ ጋጋሪው አንድ ነገር ነገረኝ። ከካናዳ የመጡ ተጫዋቾች ጥሎ ማለፉ ሲጀመር ጢማቸውን መላጨት ያቆማሉ፤ እስኪሸነፉ ድረስ ምላጭ አይነኩም። እኛ በምንቆምበት በኩል ያሉት ደጋፊዎች ግን እዚያ ለመድረሳችን ዋስትና ስለሌለ አሁኑኑ እንጀምር ብለው ተስማሙ። እኔም ቃል ገባሁ። ያለሁበት ነገር ሁሉ ስለሚሳካ መቅረቴ ለቡድኑ ጉዳት መስሎ ታየኝ።

ውጤቱን ማንም ማጣራት ይችላል። ጢሜ ብቅ ባለ በመጀመሪያው ሳምንት ቡድኑ በሜዳው አሸነፈ። በሁለተኛው ሳምንት ከሜዳው ውጭ አሸነፈ፤ ይህን ያህል የራቀ ድል ያየ ሰው አጠገቤ አልነበረም። በሦስተኛው ሳምንት በረኛው ራሱ ፑኳን መያዝ እንደሚፈቀድለት አወቀ። አሰልጣኙ የልምምድ ለውጥ ነው አለ። ጋዜጣው የአጥቂዎቹ መነቃቃት ነው አለ። እኔ በየጠዋቱ በመስታወት ፊት ቆሜ እውነቱን አይ ነበር።

በዚያው ሰሞን በአገር ልጆች ዘንድ የነበረኝ ክብርም በድንገት ጨመረ። በማኅበር ስብሰባ ላይ ስናገር የሚያቋርጠኝ ጠፋ። ለወትሮው በእያንዳንዱ ሐሳቤ ላይ እጁን የሚያወጣው ሰውዬ እንኳ አንገቱን ደፍቶ ይሰማኝ ጀመር። በኪራይ አዳራሽ በምናስቀድስበት ቤተ ክርስቲያን ሴቶቹ ወንበር እየለቀቁ፣ “ጋሼ፣ እዚህ አረፍ ይበሉ” ይሉኛል። ከፋብሪካው ጀምሮ የማውቀው ኤርትራዊ ጓደኛዬ፣ በሺሽት፣ ማለትም በፈረቃ፣ ስንሠራ ለሃያ ዓመት ሲከራከረኝ የኖረው፣ ስለ ማንኛውም ነገር “ልክ ነህ፣ ሓወይ” ማለት ጀመረ። ሓወይ በትግርኛ ወንድሜ ማለት ነው፤ እንዲህ የሚለኝ ድሮ ሲያሾፍብኝ ብቻ ነበር። ዕድሜ ልኬን ስጠብቀው የኖርኩት አስተዋይነት በመጨረሻ መጣላቸው ብዬ አመንኩ። ባለቤቴም ቤት ውስጥ ዝም አለች፤ የምወደውን ምግብ ትሠራለች፣ ፊቴን ሰርቃ ታያለች። ጢሙ አምሮብኛል ማለት ነው አልኩ። ጥቁር ቀሚሷን ከሻንጣ አውጥታ ስትተኩስ አየሁ፤ እሱንም የጽዳት ጉዳይ አደረግኩት።

በእኛ ዘንድ ወንድ ልጅ ጢሙን ሳይላጭ የሚከርመው ሐዘን ሲደርስበት ነው። ይህን ለአንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። በዚያ ክረምት ማስረዳት ያስፈልግ የነበረው ለእኔ ነው።

የባለቤቴ እናት ደሴ ነበሩ፤ ከገና ጀምሮ አልጋ ይዘዋል። ቤታቸው ስልክ የለም፤ ስልክ ያላት አጥር የምትጋራቸው ጎረቤት ናት። ሰው ሲሞት እንዴት እንደሚደረግ ሁላችንም እናውቃለን። ወሬው መጀመሪያ ለሐዘንተኛው አይነገርም፤ ቤት ውስጥ ያለ አንድ ሰው ይሰማና ይዞት ይቆያል፣ ከዚያ አንድ ማለዳ ሽማግሌዎች ተሰብስበው መጥተው ያረዳሉ። የእኔን ጢም ያየ ሁሉ መርዶውን ይዤ የቆየሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ለሚስቴ መንገርም እንዳቃተኝ ገባው። ማንም አልጠየቀኝም፤ አይጠየቅማ።

ከመጨረሻው ጨዋታ አንድ ቀን በፊት፣ ቅዳሜ ማለዳ፣ በሩ ተንኳኳ። ስድስት ሰዎች ጥቁር ለብሰው ደረጃው ላይ ቆመዋል። ከፊት ያለው ኤርትራዊው ጓደኛዬ ነው፣ ከኋላ ያለችው ሴት ንፍሮ የሞላ ድስት ታቅፋለች። በሩን የከፈተችው ባለቤቴ ነበረች።

“እናቴ ናት?” አለች።

ማንም አልመለሰላትም፤ የሚያውቅ አልነበረማ። ሰው መሞቱን ከጢሜ አንብበዋል፤ ማን እንደሞተ ግን ከእኔ ሊሰሙ ነው የመጡት። እሷ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። የጮኸችውን ጩኸት ሦስተኛ ፎቅ ያለው ጀርመናዊ ጎረቤታችን ዘግይቶም ቢሆን በጽሑፍ አቤቱታ አቅርቦበታል።

ከመኝታ ቤት ወጥቼ ማንም እንዳልሞተ ነገርኳቸው። ጢሙ ለበረዶ ሆኪ ነው አልኩ፤ የቡድኑን አቋምና የቀረውን ጨዋታ በአጭሩ አስረዳሁ። ጓደኛዬ እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ።

“ሓወይ፣ ሐዘን ብዙ ያናግራል። ቁጭ በል።”

ያን ጊዜ ማስረጃ ለመስጠት ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጬ ምላጭ አነሳሁ። ከመጡት ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት ሰውዬ ተከትለውኝ ገቡና፣ “አርባው ሳይወጣ?” ብለው ምላጩን ከእጄ ወሰዱት።

ባለቤቴን ማእድ ቤት ውስጥ ለብቻዋ አገኘኋት። ማልቀሷን አቁማ ነበር፤ ይህ ደግሞ የባሰ ነው።

“ሦስት ሳምንት ሙሉ እያየሁህ ዝም አልኩ” አለችኝ። “ጨክኖ ሊነግረኝ አልቻለም አልኩ። ለእናቴ ይህን ያህል ታዝናለህ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። በሐዘኔ መሀል ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ለኳስ ነው ትለኛለህ?”

“ኳስ አይደለም፣ ፑክ ነው” አልኳት።

በሕይወቴ ብዙ ሰው አርሜያለሁ። ይህቺን አንዷን ባላርማት ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው። የእናቷን ድምፅ በጆሮዋ ካልሰማች ማንንም አታምንም። ወዲያው ደሴ ደወልኩ፤ ጎረቤቲቱ ተገኘች፤ እንዴት ናቸው ስላት ደህና ናቸው፣ ተኝተው ነው አለችኝ። ይህንኑ ለባለቤቴ ቃል በቃል ነገርኳት። ባለቤቴ እንደገና አለቀሰች፤ እንግዶቹም አብረዋት አለቀሱ። ደህና ናቸው፣ ተኝተው ነው የሚባለው ስለ ማን እንደሆነ ከማንኛችንም አልተሰወረም። እኔ ራሴ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ተጠራጠርኩ።

ስለዚህ ለደሴም ቴርሚን ሰጠሁ። በማግስቱ እሁድ ከሰዓት በኋላ ሁለት ጎረምሶች አሮጊቷን በወንበር ተሸክመው ስልኩ ጋ ያምጡልኝ አልኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው የመጨረሻው ጨዋታ በዚያው ሰዓት እንደሚጀመር ትዝ ያለኝ። አንድ ነጥብ ካገኘን ከመስመሩ በላይ ነን፣ ካጣን የለንም። ሦስት ሳምንት በፊቴ የተሸከምኩት ቡድን።

እሁድ ትኬቴ በኮት ኪሴ እንዳለ ከስልኩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ስድስቱም እንግዶች ተመልሰው መጥተዋል፤ ከሐዘን ቤት በሁለተኛው ቀን አይቀርም። የስልኩ መስመር አልገባም አለ። ደወልኩ፣ ዘጋሁ፣ ደወልኩ። ባለቤቴ ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ ጉልበቷ ላይ እጆቿን አጣምራለች። የጨዋታው የመጀመሪያ ሃያ ደቂቃ አለፈ፤ ሁለተኛው አለፈ። ሬዲዮ ልክፈት አላልኩም። ይህ ዝምታዬ በየትም ዝርዝር አይገባም እንጂ ከሠራኋቸው ሥራዎች ሁሉ ከባዱ ነው።

ሦስተኛውና የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ሲጀመር ደሴ ገባች። የጎረቤቲቱ ድምፅ፣ የወንበር መጎተት፣ የሰው ሳል ተሰማ። ከዚያ ቀጭን ድምፅ መጣ። ስልኩን ለባለቤቴ ሰጠኋት። “እማዬ?” አለች፤ ከዚያ አፏን በእጇ ያዘች፤ ከዚያ እያለቀሰች ሳቀች፤ ከዚያ ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋችው።

“አንተን ነው የምትፈልገው። ሞቷል ብላለች።”

አማቴ ከአልጋ ተነሥተው በወንበር ጎረቤት ቤት ሲወሰዱ ለደግ ነገር ነው ብለው አላሰቡም። ከጀርመን የሚመጣ መርዶ ከሆነ የእኔ ነው ብለው ቆርጠዋል፤ ጎረቤታሞቹም አስቀድመው ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል።

“እርስዎ ነዎት? በሕይወት አሉ?” አሉኝ።

አለሁ አልኳቸው። ታዲያ ምን ሆናችሁ አሉ። ስለ ቡድኑ፣ ስለ ካናዳውያኑና ስለ ጢሙ ነገርኳቸው።

“ይላጩት” አሉኝ።

ተላጨሁ። ሬዲዮውን ወደ መታጠቢያ ቤት ወሰድኩት፤ አሁን የሚከለክለኝ አልነበረም። አንድ ለዜሮ እየመራን ነበር። ግራ ጉንጬን እንደጨረስኩ ተጋጣሚያችን አገባብን። ምላጩን ይዤ ቆምኩ። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማለች፤ አይኗ ቀልቷል። ቀኝ ጉንጬን ሳሙና ቀባሁ። እንግዶቹ ሳሎን ተቀምጠው ንፍሮውን ይበሉ ነበር፤ ሬዲዮው ለምንድን ነው የሚጮኸው ብለው ጠየቁኝ፤ ከውስጥ ሆኜ እየተላጨሁ አስረዳኋቸው። አንድ እኩል አለቀ። አንድ ነጥብ። ኤርትራዊው ጓደኛዬ ነገሩ ገብቶት ሳይሆን የእኔን ጩኸት ሰምቶ አጨበጨበ። ከዚያ ወዲያ ልክ ነህ ብሎኝ አያውቅም።

ቡድኑ ወደ ጥሎ ማለፍ ገብቶ በመጀመሪያው ዙር አንድም ጨዋታ ሳያሸንፍ ወጣ። ዳቦ ጋጋሪው ለስላሳ ፊቴን አይቶ ጀርባውን ሰጠኝ፤ ሁለት ሳምንት ብሬትሰል የሚሉትን ጥምዝምዝ ዳቦ የገዛሁት ከሌላ ሱቅ ነው።

በዚያ ክረምት ያከናወንኩትን እነሆ፤ አንዳንዱን የሚክድ ይኖራል፦

የወደቀ ቡድን ከመስመሩ በላይ አወጣሁ። እዚያ ላይ መቆየት የእነሱ ፋንታ ነበር።

ሁለት ሰዎች በሕይወት መኖራቸውን በአንድ የስልክ ጥሪ አረጋገጥኩ፤ አንደኛው እኔ ነኝ።

ሐዘን ላይ ለተቀመጡ ስድስት ሰዎች የበረዶ ሆኪን የነጥብ አሰጣጥ አስተማርኩ። አራቱ ገብቷቸዋል።

ለጎረቤታችን አቤቱታ በጀርመንኛ መልስ ጻፍኩ። ይቅርታ የጠየቀው እሱ ነው፤ ደብዳቤው እንዴት እንዲህ እንዳደረገው እኔም አልገባኝም።

አማቴ ቤት ስልክ እንዲገባ ለደሴ ቴሌ ዐሥራ አንድ ማመልከቻ ጻፍኩ። በዐሥራ አንደኛው ገባ። ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ከእናቷ ጋር ታወራለች፤ እኔ ኮቴን ለብሼ በሩ ላይ ቆሜ ድምፃቸው እስኪሰማ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ ወደ አዳራሹ እሄዳለሁ። ጨዋታ ተጀምሮ የደረስኩበት ቀን ብዙ ነው።