ጠፍር የተጠመጠመባት ሽጉጥ

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ድንች እየላጥኩ ነበር። ልጄ ሙሉ አጠገቤ ተቀምጣ ስልኳን ስታነብ ቆየችና ድንገት ሳቀች። «እማዬ፣ ፈረንጆች ለሽጉጥ ውድድር ያወጡትን ሕግ ስሚማ!» ጉድ ነው። እጀታው ላይ ምን መጠቅለል ይፈቀዳል፣ ቃታው ምን ያህል ይላላል፣ ማነጣጠሪያው ቢቀየር ባለቤቱ ወደ የትኛው ምድብ ይዛወራል፣ ሁሉም ተጽፏል። ጭራሽ ሽጉጡ ሣጥን ውስጥ ገብቶ ይለካል፤ ካልገባ ምድቡ ይለወጣል።

«ሣጥን» ስትል ቢላዋዬ ቆመ። እኛም ሣጥን ነበረን። ሙሉ ይህን ከየት ታውቃለች? እናቷ ከልጣጭና ከወሬ በቀር ሌላ ነገር በእጇ ይዛ የምታውቅ አይመስላትም።

ያን ጊዜ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ቤታችን ከደብረ ታቦር ወደ ጉና በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ ገብስና ድንች ከሚበቅልበት፣ ብርዱ ጥርስ ከሚያማታበት ነበር። አባቴ ፈቃድ ያላት አንዲት አሮጌ ሽጉጥ ነበረቻቸው። በየዓመቱ ክረምቱ ሲያበቃ ወረዳው የኢላማ ውድድር ያደርጋል፤ በሽጉጥ ደግሞ አባቴን የሚረታ አልነበረም። እኔንም ገና በልጅነቴ አስተምረውኛል። ኩበት ላይ ነጭ አፈር ይቀቡና አጥሩ ሥር ያቆሙልኛል፤ ስመታው ብትንትን ይላል፣ እናቴም ማገዶዋ ስለሚባክን ትራገማለች።

በዚያ ዓመት አባቴ «ዓይኔ ደከመ፤ በእኔ ፈንታ አንቺ ተኩሺ» አሉኝ። ከሴቶች አንደኛ የወጣች ባሕር ዳር ሄዳ እንደምትወዳደር ተነግሮ ነበርና ደስታዬን አልቻልኩትም። ከደብረ ታቦር ገበያ ወዲያ አገር አላውቅም። እዚያ ዳር የሌለው ውሃ አለ ሲባል እሰማለሁ እንጂ ውሃ እንዴት ዳር እንደሚያጣ አይገባኝም ነበር።

ታዲያ የዚያን ዓመት አዲስ ሕግ መጣ። የዳኞቹ አለቃ፣ መቶ አለቃው፣ ከአንዲት ወረቀት አነበቡልን። ሽጉጦች በሁለት ይመደባሉ፦ «እንደ ተሠራ» እና «የተለወጠ»። የተሰበረ መጠገን ይቻላል፤ ያልተሰበረ ከተነካ ግን «የተለወጠ» ነው። ሴቶች የሚወዳደሩት በ«እንደ ተሠራ» ብቻ። ለመለኪያም አናጢው ይማም ከዋንዛ እንጨት ሣጥን ሠርቷል፤ ሽጉጡ ገብቶ ክዳኑ ካልተዘጋ ተለውጧል ማለት ነው።

ማን ይግባው! አንድ ወፍራም ሰውዬ ማነጣጠሪያው ጫፍ ላይ የሚስቱን ነጭ ጨሌ በሙጫ ለጥፎ መጥቶ «ይኼ ጌጥ ነው እንጂ ምኑ ለውጥ ነው?» እያለ ይከራከራል። የኛዋ ሽጉጥ ደግሞ እጀታዋ ላይ ጠፍር ተጠምጥሞባታል። ርጥቡን ጠምጥመውት ሲደርቅ እንደ ብረት የሚጠብቅ የበሬ ቆዳ ነው፤ በኛ አገር የተሰነጠቀ የጠመንጃ ሰደፍ የሚታሰረው በእሱ ነው። አባቴ ከሁለት ዓመት በፊት ሲጠመጥሙት «ምን ሆነች?» ብዬ ብጠይቃቸው «እጀታዋ ተሰንጥቆ ነው» ብለውኛል።

በዋዜማው ለሙከራ ስትለካ ገባች፤ ክዳኑ ተዘጋ። በማግስቱ ግን ከጉና በኩል ጉም ወረደና ያካፋ ጀመር። ስንደርስ ሽጉጧም ሣጥኑም ርሰዋል። ሲከቷት እምቢ! ክዳኑ ጣት የምታህል ተከፍቶ ቀረ።

«ትናንት ገብታ አልነበር?» አልኩ።

«ትናንትማ ደረቅ ነበረች» አለ ይማም። «ቆዳ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል።»

«ሣጥንህስ? እንጨት ውሃ አይጠጣም?» አለ ባለ ጨሌው።

«የኔ እንጨት እንዳንተ ሆድ በየቀኑ አያብጥም!»

ሜዳው በሳቅ ሞላ። አንዱ ዳኛ ሣጥኑ ይድረቅ አለ፤ ሌላው ሽጉጧ ትድረቅ አለ። ፀሐይ እንደሆነች የለችም። እኔ እንባዬ መጣ። በመጨረሻ መቶ አለቃው «ጠፍሩ ጥገና ከሆነ ቢያብጥም እናሳልፋት። ግን በእርግጥ ተሰንጥቋል?» ብለው ጠየቁኝ።

«አባቴ ይሙት ተሰንጥቋል!» አልኩ።

«ኧረ ቆመው እየሰሙሽ ነው!» አለች አንዲት ሴት። ሰው እንደገና ሳቀ። አባቴ ግን አልሳቁም።

ይማም በሰንጢ ጠፍሩን ቀደደው። ሥሩ ያለው እንጨት ደህና ነው። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ የለበትም። መቶ አለቃው አገላብጠው አዩና መልሰው ሰጡኝ። እኔም አገላበጥኩ። ማን ነው የዋሸው? እኔ? ሽጉጧ? «በቁም አባቷ ማለች እኮ!» ሲባል ይሰማኛል።

ያኔ አባቴ ወደ ፊት መጡ። ቀኝ እጃቸውን ሁልጊዜ ጋቢያቸው ውስጥ ያደርጋሉ፤ ብርዱ ይመስለኝ ነበር። አወጡት። ወንፊት እንደያዘ ሰው እጅ ይንቀጠቀጣል።

«ልጄ የማለችው እኔ የነገርኳትን ነው። ጠፍሩን ያሰርኩት እጀታው አልጨበጥልህ ሲለኝ ነው። የተሰነጠቀስ እኔ ነኝ፤ ይኼም ወረቀታችሁ ላይ ካለ አንብቡልኝ» አሉ።

መቶ አለቃው የእውነት ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን አዩ። ምንም አልነበረበትም። ዳኞቹ ተነጋገሩ፣ ተጨቃጨቁ፤ ኋላ ይማም ሽጉጧን ሣጥኑ ውስጥ አስገባት። ክዳኑ ተዘጋ። «እንግዲህ እንደ ተሠራች ናት። ተኩሺ» አሉኝ።

ተኮስኩ። ያለ ጠፍሩ እጀታዋ ቀጭን፣ ቀዝቃዛ፣ የሰው ዕቃ ሆነብኝ። ከዐሥሩ አራቱን ብቻ መታሁ። ባሕር ዳር አንደኛ የወጣች ሌላ ልጅ ሄደች።

ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱ ጭቃ ነበር። ወንዟ ዳር አረፍ ስንል አባቴ በግራ እጃቸው የገብስ ቆሎ ዘገኑልኝ።

«ዓይኔ ደከመ ያልኩሽ ለዚህ ነው፤ ዓይን ቢደክም ሰው ያዝናል፤ እጅ ሲንቀጠቀጥ ግን ይስቃል።»

«ለእኔ እንኳ ቢነግሩኝ ምናለ?»

«እንዳትስቂብኝ የፈራሁት አንቺን ነዋ።»

«በእርስዎ ማልኩ እኮ፣ አባባ!»

«ይኸው አልሞትኩ» ብለው ሳቁ። ከዚያም ወዲያ ብዙ ዓመት ኖሩ። የሞቱ ዕለት ግን ከለቅሶው በፊት ትዝ ያለኝ ያ መሐላ ነው። ሰው ሞኝ ነው።

ዛሬም ያቺ ሽጉጥ የተጠገነች ትሁን የተለወጠች አልለየልኝም። ብረቱና እንጨቱ ደህና ነበሩ፤ ግን ጠፍሩ አንድ የተሰበረ ነገር ይዞ ነበር። ሙሉን «የፈረንጆቹ ሕግ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ሰው ምን ይላል?» አልኳት። በጣቷ ስልኩን ወደ ላይ ወደ ታች ገፋ ገፋ አደረገችና «እዚህ ላይስ የለም» አለች።

ከዚያ ልታግዘኝ ቢላዋውን ተቀበለችኝ። እጀታው ላይ የብስክሌት ጎማ ቁራጭ ጠምጥሜበታለሁ።

«ይኼ ደግሞ ምን ሆነ?» አለች።

«ተሰንጥቆ ነው» አልኳት። «ብቻ ሰው ቢጠይቅሽ፣ በእኔ እንዳትምዪ።»