የአራቱ ክሊኒኮች ነርስ

«ሦስቱም እሺ ብለውኛል እኮ» አሉ ዶክተሩ ደግመው።

«እሺ ብለዋል፤ ውሉን ሳይን ያደረገ ግን የለም» አለች ነርሷ። ኮቷን እንኳ አላወለቀችም።

በአውሮራ ከተማ ባለው ትንሽ የዶክተሩ ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ ነበርኩ፤ የሚባባሉት ሁሉ ይሰማኛል። መጠበቂያው ውስጥ አንዲት እናት ብቻ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። የስኳር ቁስላቸውን በየሳምንቱ የምታጥብላቸው ይህችው ነርስ ናት።

የዶክተሩ ሐሳብ ቀላል ነበር። በአቅራቢያችን ያሉት ሰፈሮች፣ የሎውሪው፣ የእንግልውዱና የሴንትራል ፓርኩ የቤተሰብ ሐኪሞች ከእኛ ጋር አንድ ኔትወርክ እንዲሆኑ፣ እያንዳንዱም በታካሚው ብዛት ልክ እንዲያዋጣ፣ ማንም ብቻውን ደሞዟን የማይችላትን ነርስ በጋራ እንዲቀጥሩ። ኢንሹራንሱም ሰው ሕመሙ ሳይብስበት ቀድሞ ለመከላከል የሚከፍለው ለተሰባሰቡ ክሊኒኮች ነው፤ ብቻውን የቆመ ክሊኒክ አያገኝም።

«እድር በሉት» ይሉ ነበር፤ «ልዩነቱ ሳንሞት የሚደርስልን መሆኑ ነው።»

ስህተታቸው የአገር ቤት ስህተት ነው። ሦስቱም ሐኪሞች የእኛው ሰዎች፣ በዕድሜም ልጆቻቸው የሚሆኑ ናቸው። እሳቸው ቤት ለቤት ዞረው ጠየቋቸው። ሽማግሌ ደጅህ ድረስ መጥቶ እምቢ ይባላል? ሐኪሞቹም እራት ጋበዟቸው፣ እሺ አሏቸው፣ እስከ መኪናቸው ሸኟቸው። እሳቸውም ያንን ይዘው ነርሷን ከሆስፒታል ሥራዋ አስለቀቋት።

«ዛሬ ደወልኩላቸው» አለች። «የሎውሪውን ክሊኒክ ትልቅ ድርጅት ሊገዛው ነው። ሁለቱ ስልክ አያነሱም።»

«ያነሳሉ፣ ልጄ።»

«ለእርስዎማ ያነሳሉ። አንስተውም እሺ ይላሉ።»

ዶክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው በጋውናቸው ጠረጉ። «እስከዚያው እኔው እከፍልሻለሁ።»

«በምን? የራስዎን ደሞዝ መውሰድ እኮ ትተዋል። ሆስፒታሉ ሰኞ ተመለሺ ብሎኛል፤ ልጆች አሉኝ፣ ዶክተር።»

ወደ እኔ ዞሩ፤ አንድ ነገር እንድል የፈለጉ መሰለኝ። ከእሷ በኋላ ቁስል የሚያጥብ እንደማይኖር ሦስታችንም እናውቃለን።

ነርሷ ቦርሳዋን አንስታ በመጠበቂያው በኩል አለፈች። እናትየው ቀና አሉ።

«በይ እንግዲህ፣ የሚቀጥለው ሐሙስ ነው አይደል?»

ቆመች። ጎንበስ ብላ የተላቀቀውን የፋሻ ጫፍ መልሳ ለጠፈችላቸው።

«እሺ፣ እማማ» አለች።

ወጣች። በሩ እንደ ልማዱ ቀስ ብሎ ሄዶ ተዘጋ።