የሣህሌ ተረከዝ

በ1950ዎቹ መባቻ ልብስ ሰፊውን ሣህሌን የማያውቅ የአሰላ ሰው አልነበረም። ዕድሜ ልኩን የስፌት መኪና ላይ አጎንብሶ ስለኖረ ወገቡ እንደ ግንድ ደርቋል፤ ሰው ከኋላው ሲጠራው እንደ ጭነት መኪና ሁለመናውን ይዞ ነው የሚዞረው። ገና ጨዋታ ግን ነፍሱ ነው። አምና ለላይ ሰፈር ተሰልፎ የእንጨት ኳሷን፣ ሩሯን፣ ሊመታ ዱላውን ወደ ኋላ ሲያነሳ ወገቡ እምቢ አለ፤ ሩሯ ባለችበት ቀረች፣ እሱ ተዘረረ። ከአጥሩ ወዲያ ያለው ጎረቤቱ አናጢው ገብረ ማርያም፣ የተጋጣሚው የታች ሰፈር አለቃ፣ «ተዉት፣ ሜዳውን እየለካ ነው!» ብሎ አሳቀበት።

ሳቁ ዓመቱን ሙሉ ጆሮው ላይ ሲያቃጭል ከረመ። ኅዳር ሲገባ ብሶቱን ለባልንጀራው ለቆዳ ነጋዴው ለሀሰኖ አጫወተው። ሀሰኖም እኩያው ነው፤ እሱን ደግሞ ጉልበቱ አልታዘዝ ብሎታል። እንጨት ሲፈልጥ ነበርና መጥረቢያውን አስቀምጦ አንድ ፍልጥ አነሳ።

«ወገብህ ካልዞረ ለምን ታስጨንቀዋለህ? ቀኝ እግርህን ትንሽ ወደ ኋላ ሳብ አድርግ። ዱላውን ስታነሳ የግራ ተረከዝህ አብሮ ይነሳ፤ ያኔ ወገብህ ሳያውቅ ትዞራለህ። ደግሞ ከትከሻህ በላይ አታንሳው፤ ሰማይ አትመታም!»

ሣህሌ ማለዳ ማለዳ ጓሮ ገብቶ በድንች መለማመድ ያዘ። ተረከዙን ሲያነሳ ዱላውን ይረሳል፤ ዱላውን ሲያስታውስ ተረከዙ ይቀራል። አንድ ቀን ግን ሁለቱ ገጠሙለትና ድንቿ እያፏጨች አጥሩን ተሻግራ የገብረ ማርያምን ጣሪያ ጓ! አደረገችው።

«ማነው በድንች የሚደበድበኝ?» አለ ገብረ ማርያም ከወዲያ።

ሣህሌ እንሰት ሥር ተሸጎጠ። ሚስቱ ፋናዬ ወጣችና፣ «ቁራ ጥሎብዎት ነው፣ ጋሽ ገብረ ማርያም!» አለች። ቀጥላም ወደ እንሰቱ ዝቅ ብላ፣ «አንተ ቁራ፣ በጾም ድንቼን ጨርሰህ ምን ልትበላ ነው?»

የገና ዕለት ሜዳው በሰው ጢም አለ። ሣህሌን ከቁም ነገር የቆጠረው ስላልነበረ የሚከላከለውም አልነበረም። ጨዋታው ሲጋጋል ሩሯ ከግርግሩ አፈትልካ እግሩ ሥር መጥታ ቆመች። ቀኝ እግሩን ሳብ፣ ተረከዙን ብድግ፣ ዱላውን እስከ ትከሻው ብቻ አነሳና ለቀቀው። ሩሯ በገብረ ማርያም ጆሮ ሥር ሽው ብላ ግብ ገባች!

ሣህሌ በደስታ ሊዘል ሲል ወገቡ ቀጭ አለና እንደ ማጭድ ጎብጦ ቀረ። የላይ ሰፈር ጎረምሶች ግን ለምስጋና ያጎነበሰ መሰላቸው፤ አፈፍ አድርገው ትከሻቸው ላይ አወጡት።

«አውርዱኝ! ሞትኩ!»

«ደስታ ገደለው!» እያሉ በጭፈራ ከተማውን አዞሩት።

ከዚያ ወዲያ በቅቤ እየታሸ አልጋ ላይ ዋለ። ገብረ ማርያም ሊጠይቀው መጣ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያችን ተረከዝ እንዴት ነበር ያነሳሃት? እኔም እኮ ወገቤ… ለማንም አትንገር» አለው።

ሣህሌ ከብርድ ልብሱ ሥር እግሩን አውጥቶ አሳየው። ገብረ ማርያም መጥረጊያ አነሳ፣ ተረከዙን ብድግ አደረገ፣ አሽከርክሮ ሲለቀው የፋናዬን ውኃ ሙሉ እንስራ አፈነዳው።

ፋናዬ ከማድ ቤት ስትመጣ የእግሯ ኮቴ ተሰማ። እስከዚያች ሰዓት መገላበጥ ያቃተው ሣህሌ ከእንግዳው ቀድሞ ደጅ ተገኘ።