ሁለት ፍሬ ለማኅሌት

ሰሚሐ ሙሀመድአወል ሰው ትንቃለች ይሏታል፤ እውነት ነው። ባሕር ዳር አንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ከሕሙማን ደም ጀርም እያበቀለች ስትመረምር አሥራ ስድስት ዓመት ሆናት። በዚህ ሁሉ ጊዜ ያከበረችው ፍጡር ቢኖር ከላቦራቶሪው ጀርባ ታስሮ ለጀርም ማብቀያው ደም የሚሰጠው በግ ብቻ ነው። «እሱ ቢያንስ ሳይመረምር መድኃኒት አያዝም» ትላለች።

ከሁሉ አብልጣ የምትንቀው ታናሽ ወንድሟን ሰላህን ነበር። አባታቸው ወረታ ላይ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ሰላህ የአባቱን ሱቅ ትቶ ሐሙሲት፣ አውቶቡስ ከሚቆምበት ፊት ለፊት፣ መድኃኒት ቤት ከፈተ። ጨርቅ በክንድ እየለካ መሸጥ ለምዷልና አሞክሳሲሊኑንም እንደዚያው ይቆርጠው ጀመር፤ ለዚህ ሁለት ፍሬ፣ ለዚያ ሦስት። ከተማረው ትምህርት የቀረው ነጭ ጋዋኑ ነው፤ እሱንም ሰሚሐ «የመጋረጃ ትራፊ» ትለዋለች።

ባለፈው ጥር የኔታ ሣህሉን ሆስፒታል አመጧቸው። ከሐሙሲት ወደ ሐይቁ ወረድ ብሎ ባለ ደብር የዜማ መምህር ናቸው። ትኩሳቱ አቃጥሏቸው፣ አንገታቸው አልታጠፍ ብሎ፣ ይቃዡ ነበር። መድኃኒት አስቀድሞ ከገባ ጀርሙ አይበቅልምና፣ ነርሶቹ ቀድመው መርፌ እንዳይወጓቸው የሰጋችው ሰሚሐ ራሷ ወርዳ ደማቸውን ቀዳች። እየቀዳችም ልጃቸውን ወለተ ሩፋኤልን ጠየቀቻት፤

«ቤት ሳሉ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«ማኅሌት ሲደርስ ድምፃቸው እንዳይዘጋ ሁለት ፍሬ አሞክሳሲሊን ይወስዳሉ። ሦስት ዓመት ይሆናል።»

«ማን አዘዘላቸው?»

«ሐሙሲት፣ አውቶቡስ መቆሚያው ጋ ያለው ልጅ። ደግ ነው፤ ማዘዣ እንኳ አይጠይቅም።»

ሰሚሐ የልጁን ስም አልጠየቀችም።

በማግስቱ ጀርሙ በቀለ። የሳንባ ምች የሚያመጣው፣ ወደ ደምና ወደ አንጎል ሽፋን ከዘለቀ ደግሞ የሚገድለው ነው። መድኃኒት ውስጥ የተነከረ ክብ ወረቀት ማብቀያው ሳህን ላይ አኑራ ሌላ ቀን ጠበቀች። መድኃኒቱ ቢሠራ ኖሮ በወረቀቱ ዙሪያ ባዶ ቀለበት ይታይ ነበር። የአሞክሳሲሊን ዘመድ በሆነው በፔኒሲሊኑ ዙሪያ ግን ጀርሙ እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ድረስ ለምልሟል። ሐኪሞቹ አዘውትረው የሚያዙትን መርፌ፣ ሰፍትሪያክሶኑንም ለክታ አየችው፤ የሚያስተማምን አልነበረም።

ውጤቱን ጽፋ ላከች። የሚያነበው ጠፋ። በላከች በሦስተኛው ቀን የሳህኑን ክዳን በፕላስተር አሽጋ ራሷ ወደ ሐኪሙ ወደ ሕዝቅኤል ሄደች።

«ሰፍትሪያክሶን ጀምረንላቸዋል፤ እሱ የማይነካው ነገር የለም» አላት፣ ቀና እንኳ ሳይል።

«ትኩሳታቸውን ነክቶታል?»

 ሳህኑን ፊቱ አስቀመጠችለት።

«ጽሑፍ ማንበብ ከሰለቸህ ሥዕል አመጣሁልህ።»

የዚያኑ ዕለት ጀርሙ ያልለመደው መድኃኒት፣ ቫንኮማይሲን ታዘዘ። ሆስፒታሉ ውስጥ አልነበረም፤ ወለተ ሩፋኤል ከተማውን ዞራ በአራተኛው መድኃኒት ቤት አገኘችው። ከአራት ቀን በኋላ ትኩሳቱ ለቀቃቸው። ዐይናቸውን ገለጡ፤ ውሃም ለመኑ። ልጃቸው ደስታው አሳብዷት «አባዬ! አባዬ!» እያለች ትጮህ ጀመር።

«ምነው ልጄ፣» አሏት የኔታ፣ «ለምን ታንሾካሹኪያለሽ?»

 

ቅዳሜ ሰሚሐ ሐሙሲት ወረደች።

«የኔታ ሣህሉ ጆሯቸው አይሰማም» አለችው ወንድሟን።

«ጆሯቸውን የእኔ ፍሬ ነው የወሰደው?»

«የወሰደውማ በሽታው ነው። እኛ ግን በማይሠራ መድኃኒት ቀን ስናባክን ከረምን። ጀርሙን ሁለት ሁለት ፍሬ እያቀመሳችሁ መድኃኒቱን ያለማመዳችሁት እናንተ ናችሁ፤ አንተና ቢጤዎችህ።»

«እኔ ባልሸጥሁ ማዶ ያለው ይሸጣል፣ እታለም።»

«ሌባም እንዲህ ይላል።»

ገፍታው ከባንኮኒው ጀርባ ቆመች። ያለ ማዘዣ የመጡ ሁለት ሰዎችን መለሰች። ሦስተኛዋን፣ ሕፃን ያዘለችውን፣ ጤና ጣቢያ እንድትሄድ መከረቻት። ሴትዮዋ አመስግና ወጣች፤ መንገዱን ተሻገረችና ከማዶው ሱቅ ገዛች። ሰላህ ሆዱን ይዞ ሳቀ። በሳምንቱ «ያለ ሐኪም ማዘዣ አሞክሳሲሊን አንሸጥም» የሚል ትልቅ ማስታወቂያ ለጠፈ፤ ከሥሩ ሆኖም ፍሬውን በጋዜጣ እየጠቀለለ መሸጡን ቀጠለ። ተቆጣጣሪዎች መጥተው ማስታወቂያውን አደነቁለት ይባላል።

በሰኔ ወለተ ሩፋኤል አባቷን ለክትትል አመጣቻቸው። የኔታ ማስተማር ትተዋል። ግን ደቀ መዛሙርቱ ሲያዜሙ ፊት ለፊታቸው ተቀምጠው አፋቸውን ይመለከታሉ፤ ከንፈር የተሳሳተ ሲመስላቸው በመቋሚያቸው ያስቆማሉ። አንዳንዴ ያልተሳሳተውንም ያስቆማሉ፤ ደፍሮ የሚነግራቸው የለም።

ሰሚሐ ይህን በሰማች ማግስት፣ ማንም ሳይጠራት፣ የሐኪሞቹ የጠዋት ስብሰባ ላይ ገብታ የየኔታንና የዚያን ሳይነበብ የቀረ ውጤት ነገር ትናገር ጀመር። ሁለት ሐኪሞች ስልካቸውን ይነካኩ ነበር። በስማቸው ጠራቻቸውና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች።