ሙሽራው በአሮጊቷ መኪናዬ ሞጣ ገባ

ቢቸና

ታናሽ ወንድሜን ሀብታሙን ልድር፣ ሙሽሪትን ከሞጣ ላመጣለት፣ በጥር ወር አንድ ቅዳሜ ማለዳ ከቢቸና ተነሣን። ሚዜዎቹ በሚኒባስ ይከተሉናል፤ ሙሽራው ከእኔ ጋር ነው።

መኪናዬ በደጉ ዘመኗ ትልልቅ ሰዎች የሚንፈላሰሱባት ነበረች፤ ወንበሯ ቆዳ፣ ዳሽቦርዷ እንጨት። አሁን ግን አስመጪው ወኪል ዘግቶ ሄዷል፣ ፋብሪካውም ዕቃዋን መሥራት ትቷል። የፍሬን ሸራዋን ከሌላ መኪና አስተካክዬ፣ የበር እጀታዋን አስበይጄ ነው ያቆየኋት።

«ወንድም ዓለም፣ መንገድ ላይ ብታዋርደንስ?» አለኝ ሀብታሙ።

«እኔ አለሁ» አልኩት። ልቤ ግን ፈርቷል።

ከደብረ ወርቅ ወዲያ

ደብረ ወርቅ ቤተ ክርስቲያኑን ተሳልመን ዳቦ በሻይ ቀመስን። ጤፉ ተወቅቶ አልቋል፤ በየአውድማው የጭድ ክምር ቆሟል። ጠጠር መንገድ ሲያጋጥመን ሆዷን ድንጋይ እንዳይነካት እየመረጥኩ ነዳሁ።

ግንደወይን ሳንደርስ አንድ ዳገት ላይ የሙቀት መርፌው ወደ ቀዩ ተጠጋ። ወርጄ ኮፈኑን ከፈትኩ። ውሃ አላፈሰሰችም። ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ግን ቀጥ ብሏል።

ዋናው ሚዜ በላቸው ከሚኒባሱ ወረደ። «ሙሽራው ወደኛ ይዛወር። ሰው እየጠበቀን ነው!»

ሀብታሙ በሩን ከፍቶ አንድ እግሩን አወጣ።

«ጥቂት ታገሰኝ» አልኩት። ለመኪናዋ ብቻ አልነበረም የለመንኩት። አባታችን ካረፈ ወዲህ አባቱም ወንድሙም እኔ ነኝ፤ እሱ በሌላ መኪና ሲሄድ ባዶዬን መከተል አልቻልኩም።

ከባትሪው በቀጥታ ሽቦ ስቤ ማራገቢያውን ሳስነካው ተሽከረከረ! የሞተው ማራገቢያው አይደለም፤ ሙቀቱን አይቶ ተነሣ፣ ቁም እያለ የሚያዝዘው ዕቃ ነው። ያን ዕቃ ደግሞ ዛሬ የሚያመጣ የለም። ከመሣሪያ ሣጥኔ ረጅም ሽቦ፣ ፊውዝና የመብራት ማብሪያ አወጣሁ።

ሀብታሙ ኮቱን ለበላቸው ሰጥቶ አጠገቤ ቆመ። «የትኛውን ልያዝልህ?»

ሽቦውን ወደ ውስጥ አሳልፈን ማብሪያውን ከመሪው ሥር በፕላስተር አጣበቅን። ሀብታሙ ሲጫነው ማራገቢያው አጉረመረመ። አቀፈኝ፤ እኔም በዘይት እጄ አቀፍኩት፤ ነጭ ሸሚዙን ሁለታችንም ረስተነዋል።

ሞጣ

ጥሩንባ እየነፋን ገባን። የሙሽሪት ወገን ሴቶች በሩን ዘግተው በዘፈን አስለመኑን፣ ከዚያ ከፈቱ። የሙሽሪት አባት መሪጌታ ናቸው። በሙሽራው ሸሚዝ ላይ ጥቁር አሻራ አይተው የሆነውን ጠየቁ፤ በላቸው አንድ ሳያስቀር ነገራቸው።

መሪጌታ ሳቁ። «ይህች መኪና ወኪል የላትም ሲሉ ሰምቼ ነበር። አላት እንጂ! ወኪሏ አንተ ነህ፣ ልጄ።»

ከጠላና ከዶሮ ወጡ በኋላ ተመርቀን ወጣን።

ወደ ቤት

በመልሱ ዳገቱን ሁሉ ያለ አንዳች ችግር ወጣች። ሀብታሙ ከኋላ፣ «ማራገቢያውን ክፈተው!» እያለ ያዝዘኛል፤ ገነት፣ ሙሽሪቱ፣ ትስቃለች።

እስከ ዛሬ፣ ዕቃዋ ከገበያ ሲጠፋ መኪናዋም አብራ የምትጠፋ ይመስለኝ ነበር። ለካ ዕቃው ቢጠፋ ሥራው በሌላ መንገድ ይሠራል፤ ሽቦ የሚይዝ ወንድም ካለ ደግሞ ዳገት ላይም ይሠራል።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቢቸና ገባን። ሰፈሩ በእልልታ ወጣ። ገነት ከመውረዷ በፊት ወደ ፊት ጎንበስ ብላ፣ «ታናሽ እኅቴም ታጭታለች፤ እሷንም እርስዎ ነዎት የሚያደርሷት። መኪናዋን እንዳይሸጧት» አለችኝ።

«አልሸጣትም!» አልኩ፣ ከእልልታው በላይ ጮኼ።