ሁለት ይቀርሻል

እናቴ ሰው ቤት ከመሄዳችን በፊት የምታስጠናን ትምህርት ከስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ይልቅ በደንብ ገብቶኝ ነበር። «ብሉ» ስንባል መጀመሪያ «በልተን ነው የመጣነው» እንላለን። ሲደገም «ኧረ በፍጹም!» እንላለን። በሦስተኛው፣ «በሞቴ» ሲመጣ፣ ተገዶ እንደሚበላ ሰው ፊታችንን አጨፍግገን እጃችንን እንታጠባለን። ቶሎ እሺ ያለ የተራበ ይመስላላ! መራባችን ደግሞ የቤታችን ምስጢር ነበር። አያት ሰፈር የተከራየናት ክፍል ግድግዳዋ ስስ ስለሆነ ድስት ስንፍቅ ጎረቤት ሁሉ ይሰማል፤ ቢሆንም ምስጢር ነው።

አንድ ቅዳሜ ሩዋንዳ ሰፈር ወደሚኖረው አጎቴ ቤት ሄድን። ለወጉ አዲስ ያገባትን ሚስቱን ልንጠይቅ ነው። እናቴ ልብስ የምታጥብላቸው ሰዎች ቤት ቀይረው ሥራ ካጣች ሳምንት አልፏት ነበር፤ ከትናንት ጀምሮ ከሻይ በቀር የቀመስነው የለም። ለምሳ እንደምንሄድ ሦስታችንም እናውቃለን፣ አንዳችንም አልተናገርንም። የስድስት ዓመቷ እህቴ ባቡር ውስጥ ትምህርቷን ስታነበንብ አንድ ሰውዬ አዝኖላት «ነይ እዚህ ተቀመጪ» ቢላት «በልተን ነው የመጣነው!» ብላ ጮኸችበት። ሃያ ሁለት የሚባለው ሰፈር ወርደን የቀረውን በእግራችን ሄድን።

ሙሽራዋ ቢሮ የምትሠራ፣ ሳቂታ ልጅ ናት። አጎቴ አልነበረም። በሩ ሲከፈት የጥብስ ሽታ ተቀበለን።

«ምሳ ላቅርብ እትዬ?»

«ኧረ በልተን ነው የመጣነው የኔ ልጅ!»

«እሺ በቃ፣ አላስጨንቅዎትም» አለችና ተቀመጠች።

ተቀመጠች! በሕይወቴ እንደዚያ ሰው ጠልቼ አላውቅም። ምን ዓይነት አስተዳደግ ነው? ሰው «በልቻለሁ» ስላለ ይታመናል? እናቴ ግን በቀላሉ እጅ የምትሰጥ አይደለችም። መጋረጃውን አደነቀች። ሶፋውን አደነቀች። ከዚያ አየሩን በረጅሙ ሳበችና «ቤትሽ ሽታው እንዴት ደስ ይላል!» አለች።

«አይደል? አዲስ የገዛሁት የቤት ሽቶ ነው» አለች ሙሽራዋ ደስ ብሏት፤ ተነሥታም ሶፋው ላይ ጨመረችልን።

ሽቶው እስኪበን ጠበቅን። የአንዳችን ሆድ ጮኸ፤ የማን እንደሆነ እስካሁን አልተጣራም። እናቴ ነጠላዋን ማስተካከል ጀመረች፣ ልንሄድ ነው ማለት ነው። ይሄኔ እህቴ ጣቶቿን አይታ ቀና አለች።

«አንቲ፣ ሁለት ይቀርሻል።»

«የምን ሁለት?»

«ብሉ ማለት። አንዴ ብቻ ነው ያልሽው።»

እናቴ ከነጠላዋ ሥር ቆነጠጠቻት። «አትቆንጥጪኝ፣ ቆጥሬያለሁ!» አለች እህቴ። የእናቴ ፊት ቲማቲም መሰለ። ሙሽራዋም ደነገጠች፤ ቢሮ በሰጧቸው ሥልጠና ሰው አይሆንም ካለ አታስገድዱ መባላቸውን እየተንተባተበች አስረዳችን። ከዚያ ቆማ፣ ፈተና እንደሚፈተን ሰው ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ «እባክዎ ይብሉ» አለች።

«ኧረ በፍጹም!» አለች እናቴ፤ አሁንም!

እህቴ ለሙሽራዋ አንድ ጣት አሳየቻት።

«በሞቴ እትዬ!»

«ካልሽ እንግዲህ…»

ጥብሱ መጣ። እኔና እህቴ እየተጎራረስን፣ በሙሽራዋ እየሳቅን በላን፤ እሷም አብራን ሳቀች። ከዚያ እናቴን አየኋት። አትስቅም፣ አታወራም። አንድ እንጀራ ጨርሳ ሌላ ስባ፣ አንገቷን ደፍታ ትበላለች። ስትበላ ያየኋት መቼ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከርኩ፣ አልመጣልኝም። ቤታችን ሳህኑን ለእኛ ታቀርብና «እኔ በልቻለሁ፣ እናንተ ብሉ» ትላለች፤ እኛም እሺ ብለን እንበላለን። አፈርኩ። ሙሽራዋን በልቤ ስሰድባት የቆየሁት እኔ፣ እናቴን አንድ ቀን እንኳ ሁለተኛ «ብዪ» ብያት አላውቅም።