ከወግዲው ሽንፈት በኋላ

የመካነ ሰላምን የከተማ ቡድን ማሠልጠን የጀመርኩት ከሌላው ሰው ተሽዬ አይደለም፤ ሌላ ሰው ስላልነበረ ነው። የስፖርት መምህር ሆኜ ከኮምቦልቻ ስመጣ በከተማው የማውቀው ሰው አልነበረኝም። ሚስት የለኝም፤ ልጅ የለኝም። አንድ ቄስ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ነፋሱ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳ እየሰማሁ ከመቀመጥ ብዬ አሥር ሰዓት ላይ ወደ ኳስ ሜዳው መውጣት ጀመርኩ። ልጆቹ ያለ አሠልጣኝ ነበር የሚጫወቱት። መጀመሪያ ዳኛ ሆኜ ፊሽካ ነፋሁላቸው። ቀጥሎ ሰውነት አሟሟቅኳቸው። እንዲህ እንዲህ እያለ ሁሉም «ኮች» ይለኝ ጀመር።

አምበላችን በብየዳ ቤት በርና መስኮት የሚሠራ ልጅ ነበር። መሀል ሜዳ ነው የሚጫወተው። ኳስ እግሩ ሥር ስትደርስ ሌላው አንገቱን ደፍቶ ኳሷን ያያል፤ እሱ ግን ቀና ብሎ ሜዳውን ያያል። ይህን ማንም አላስተማረውም። እኔም ብሆን ላስተምረው የምችለው ነገር አልነበረም፤ ዝም ብዬ ቡድኑን በሱ ዙሪያ ሠራሁት።

የመጀመሪያው ዓመት ጥሩ ነበር። ደጎሎ ሄደን አሸንፈን ስንመለስ ባጃጆቹ ከከተማው መግቢያ ጀምረው ጥሩምባቸውን እየነፉ ተቀበሉን። የማላውቀው ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ ይጨብጠኛል። ከጨዋታ በኋላ ልጆቹ ሁሉ እኔ ክፍል ይመጣሉ። አልጋው ላይ፣ ጀሪካን ላይ፣ መሬት ላይ ተቀምጠው ከአንድ ትሪ ይበላሉ። ሁዳዴ ሲሆን እስላሙም የጾም ይበላል፤ ረመዳን ሲሆን ክርስቲያኑም ጀምበር እስክትጠልቅ ይጠብቃል። ማንም እንዲህ አድርጉ አላላቸውም። አንዱ ሲጎርስ ሌላው ያመለጠችውን ግብ ያስታውሰውና ይስቃሉ። እኔ በዚያ ዓመት ብቸኛ ሰው መሆኔን ረስቼው ነበር።

በሁለተኛው ዓመት አጥቂያችን ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ገባ። ዋናው ተከላካያችን ደግሞ ትዳር ይዞ ወደ ሚስቱ አገር ወደ ከላላ ሄደ። የኋላው በር ተከፈተ። ሌላ ሰው ሞከርኩ፤ አልሆነም። በመጨረሻ አምበሉን ጠርቼ፣

«ከኋላ ትጫወትልኛለህ፤ ለቡድኑ ነው» አልኩት።

«እሺ ኮች» አለ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ጠመመ። በሜዳችን ተሸነፍን። ቀጥሎ ልናሸንፍ የሚገባንን አቻ ወጣን። ልምምድ የሚቀሩት በዙ፤ አንዱ አጨዳ አለብኝ ይላል፣ አንዱ ባጃጄ ተበላሽታለች ይላል። ሻይ ቤት ውስጥ ወሬው ተለወጠ። የከተማው ሰው ቅዳሜና እሁድ ዲኤስቲቪ ቤት ተቀምጦ ስለ እንግሊዝ ቡድኖች ይከራከራል፤ አሠልጣኙ ይባረር የሚለውና ተጫዋቾቹ ሰነፉ የሚለው ጎራ ለይቶ ይጯጯኻል። እኔም አብሬ ተቀምጬ በማላውቀው ሰው ላይ ስፈርድ ኖሬያለሁ። አሁን ያው ክርክር፣ በዚያው ድምፅ፣ ስለ እኔ ሆነ። ስገባ ዝም ይላሉ፤ ስወጣ ይቀጥላል።

ወግዲ ላይ የተጫወትነው የመጨረሻው ጨዋታ ነበር። ብናሸንፍ እናልፋለን። እስከ ዕረፍት ዜሮ ለዜሮ ቆየን። ከዕረፍት በኋላ አምበሉ ከኋላ ኳስ ይዞ ወጣ። መሀል ሜዳውን አለፈ። «ተመለስ!» ብዬ ጮህኩ፤ የሰማ አልመሰለኝም። ሁለት ሰው አልፎ እንደ ድሮው ቀና ብሎ ሜዳውን ሲያይ፣ እውነቱን ልናገርና፣ እኔም ለአፍታ ደስ ብሎኝ ነበር። ኳሷን ሲያቀብል ግን የሚቀበለው ሰው አልነበረም። አጥቂያችን አዲስ አበባ ነዋ። ኳሷ ወግዲዎች እግር ሥር ገባች፤ እሱ ትቶት በሄደው ባዶ ቦታ በኩል መጥተው አገቡብን። ከዚያ ወዲያ ማንም ልብ አልነበረው፤ ሁለተኛ ጨመሩ፣ ሦስተኛ ጨመሩ።

ስንመለስ አይሱዙው ላይ ማንም አልዘፈነም። አቧራው ፊታችን ላይ ሲከመር ማንም አልጠረገውም። ከመሄዳችን በፊት ለሻይ ቤቷ ባለቤት ለልጆቹ የሚሆን ሽሮ እንድትሠራልኝ ነግሬያት ነበር፤ ትልቅ ድስት ሞልታ ክፍሌ በር ላይ አስቀምጣልኛለች። ከመኪናው ስንወርድ፣

«ሽሮው ደርሷል፤ ኑ እንጂ» አልኳቸው።

አንዱ እናቱ እንደምትጠብቀው ተናገረ። አንዱ ደከመኝ አለ። አምበሉ ቦርሳውን ትከሻው ላይ አድርጎ ሳያየኝ ሄደ። ከድስቱ ጥቂት ጭልፋ አውጥቼ ብቻዬን በላሁ፤ የተረፈውን ለቄሱ ቤተሰብ ሰጠሁ።

በሳምንቱ የስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ስብሰባ ጠራ። ደጋፊው፣ ተጫዋቹ፣ እኔ፣ ሁላችንም አዳራሽ ውስጥ ተቀመጥን። ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም፤ እሱንም ከላይ የሚጠይቀው ሰው ነበረ።

«ጥፋቱ የማን እንደሆነ ተለይቶ ይውጣ» አለ።

አንድ ሽማግሌ ደጋፊ ተነሡ። «ድስቱ ሲሰነጠቅ የሚጠየቀው ጭቃው ነው ወይስ ሠሪው? እነዚህ ልጆች አምና ያሸነፉት ልጆች ናቸው» አሉ።

ከኋላ አንድ ባጃጅ ነጂ፣ «ታዲያ አምና ያሸነፈው አሠልጣኝስ ሌላ ነበር እንዴ? ሰውዬው ሜዳ ገብቶ አይመታላቸው!» አለ። ሰው ሳቀ።

ኃላፊው ወደ አምበሉ ዞረ። «አንተ ምን ትላለህ?»

አምበሉ ተነሣ። እጁን ከኋላው አጣምሮ መሬት መሬት እያየ፣ «እኛ የታዘዝነውን ነው የተጫወትነው» ብሎ ተቀመጠ።

ሁሉም ወደ እኔ አየ። ልናገር እችል ነበር። ወግዲ ላይ ቦታውን ጥሎ የወጣው ማን እንደሆነ፣ ልምምድ የቀረው ማን እንደሆነ፣ ሁሉንም ልቆጥር እችል ነበር። አልተናገርኩም። ደግነት አይደለም። ያን ብናገር ልጁን ለሁልጊዜው አጣዋለሁ ብዬ ነው የፈራሁት። ዝም ስልም ያው አጣሁት። አመስግነው አሰናበቱኝ። አጨበጨቡልኝም።

ከዚያ በኋላ አስቸጋሪው አሥር ሰዓት ነበር። ያ ሰዓት ሲደርስ እግሬ ራሱ ይነሣል። ሜዳው ከተማው መሀል ስለሆነ የፊሽካው ድምፅ ክፍሌ ድረስ ይሰማል። ላለመስማት ወደ ዓባይ በረሃ በሚያወርደው መንገድ በኩል እሄዳለሁ። ደጋው የሚያልቅበት ጫፍ ላይ ደርሼ ታች ያለውን ጉም፣ ማዶ ያለውን የጎጃምን ተራራ አይና እመለሳለሁ። መንገድ ላይ ሰው ሰላም ይለኛል፤ ሰላምታው ግን አጭር ሆኗል፤ ቆሞ የሚጠይቅ የለም። ሻይ ቤት ውስጥ የማውቃቸው ሰዎች ሌላ ጠረጴዛ ይመርጣሉ። አይጠሉኝም። የሚሉኝ ነገር አጥተው ነው፤ ሐዘንተኛ ጋ መቀመጥ እንደሚከብደው ዓይነት።

አንድ ቀን ማታ ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አከራዬ ቄሱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አገኙኝ። ስለ ኳስ የሚያውቁት ነገር የለም።

«ዛሬም ኳስ ሜዳ አልወጡም፣ መምህር?» አሉኝ።

«አባ፣ እኔ እኮ ቡድኑን ከተውኩ ቆየሁ።»

«ሰምቻለሁ። እርስዎ አጠፉ ነው የሚሉት?»

«ገሚሱ እኔን ነው የሚለው፤ ገሚሱ ልጆቹን።»

ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ አጠገቤ ተቀመጡ። «እኛም ዘንድ እኮ አለ» አሉ። «ዜማው የተሰበረ ቀን ቄሱ ዲያቆኑን ያያል፣ ዲያቆኑ ቄሱን ያያል። ደግነቱ ሕዝቡ አያውቅም፤ አሜን ብሎ ይሄዳል። የእናንተ ጣጣው ሕዝቡ ማወቁ ነው።»

ከብዙ ቀን በኋላ ያኔ ሳቅሁ። እሳቸውም ሳቁ። «አብሽሩ» ብለውኝ ገቡ። ከገቡ በኋላም ትንሽ ቆየሁ።

አዲሱ አሠልጣኝ ወጣት ነው፤ ከደሴ ሥልጠና ወስዶ የመጣ። የመጀመሪያውን ጨዋታ አሸነፈ። ከተማው «አላልኩም ነበር?» አለ። እኔ ደስ ሊለኝ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም፤ አለመምጣቱም አሳፈረኝ። አምበሉን ወደ መሀል ሜዳ መልሶት ነበር። ከዚያ ግን ቡድኑ እንደገና ይሸነፍ ጀመር፤ በኔ ጊዜ ከነበረውም ባሰ። አንድ ቀን ሻይ ቤት ተቀምጬ የድሮዎቹ ሰዎች ብርጭቋቸውን ይዘው ወደ ጠረጴዛዬ መጡ።

«አንተን ለካ ያለ ጥፋትህ ነው የተናገርንህ» አለ አንዱ። «ተጫዋቾቹ ናቸው። ከነዚህ ጋር መልአክ ቢመጣ ምን ያደርጋል?»

ይህን ቀን ስጠብቀው የኖርኩ ይመስለኝ ነበር። ሲመጣ ግን እነሱ ያሉት ስለ እኔ ልጆች ነበር። ሻዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ። እውነት ለመናገር ሌላ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ ይሻለኝ ነበር።

ክረምቱ ሊገባ ሲል የግቢው የብረት በር ማጠፊያው ተነቀለ። ቄሱ ለቀብር ሊሄዱ ስለነበር «እስቲ እርስዎ ያሠሩልኝ» አሉኝ። በከተማው ካሉት ብየዳ ቤቶች ቅርቡ አምበሉ የሚሠራበት ነው። በሩን በጋሪ አስጭኜ ወሰድኩት። ሲያየኝ የዓይን መከላከያውን ወደ ላይ ገፋ አደረገው።

«ደኅና ነዎት ኮች?»

«አልሐምዱሊላህ። ይቺን ማጠፊያ በይድልኝ።»

ወንበር አቀረበልኝ። ሠራ። እኔ ከእሳቱ ዓይኔን አዙሬ መንገዱን አያለሁ። ሲጨርስ መዶሻውን ይዞ ብየዳውን እያንኳኳ፣

«ወግዲ ላይ ቦታዬን ለቅቄ ነበር» አለ።

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ስብሰባው ላይ ለምን ዝም አሉ? ይናገራሉ ብዬ ነበር የጠበቅሁት። ቢናገሩ እኔም እናገር ነበር።»

«ምን ትናገር ነበር?»

«ከኋላ መጫወት እንደማልወድ።»

«ለኔ ለምን አልነገርከኝም?»

ማንኳኳቱን አቆመ። «ጠየቁኝ እንዴ?» አለ፤ በቁጣ አይደለም፤ የሆነውን እንደሚያስታውስ ሰው ነው።

አልጠየቅሁትም። «እሺ ኮች» ሲል ወዶ መስሎኝ ነበር፤ ወይም እንዲመስለኝ ፈልጌ ነበር። እሱ ሳይነግረኝ፣ እኔ ሳልጠይቀው፣ ከተማው ደግሞ ከሁለታችን አንዱን ሲመርጥ ከረመ። ይህን ለማን ተነሥቼ እንደምናገር አላውቅም። አዳራሹ ውስጥ ቢነገር ማንም የሚያጨበጭብለት ነገር አይደለም።

«ሰኞ ደሴ ልሄድ ነው» አለኝ በሩን ጋሪው ላይ ሲጭን። «አጎቴ ትልቅ ጋራዥ አለው። ኳሱም በቃኝ።»

ሰኞ ጠዋት መናኸሪያ ሄድኩ። እናቱ ቆሎ በፌስታል ይዘውለት ቆመዋል። በትከሻ ተሳሳምን። እናቱ፣ «አባቱ ቢኖር እንዳንተው ይሸኘው ነበር» አሉኝ። አውቶቡሱ ሲወጣ ሁለታችን የቆምንበት ቀረን፤ ከዚያ እሳቸው ወደ ገበያው፣ እኔ ወደ ትምህርት ቤት ሄድን። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የዘጠነኛ ክፍል ነበር።

ኔትወርክ ሲኖር አንዳንድ ጊዜ ይደውላል። ደሴ ላይ ከሰፈሩ ልጆች ጋር እሁድ እሁድ ይጫወታል፤ ኳሱ አልበቃውም። መሀል ሜዳ ነው የሚያጫውቱት።

«የኛ ቡድንስ እንዴት ነው?» ይለኛል።

«ተሸነፈ።»

«ጥፋቱ የማን ነው?»

«የሜዳው ነው ተብሏል፤ ዘንድሮ ሜዳውን ይዘውታል» እለዋለሁ። ይስቃል። ስለ እናቱ ይጠይቀኛል፤ በሳምንት አንዴ ጎራ ብዬ እንደማያቸው እነግረዋለሁ። ከዚያ አለቃው ይጠራዋል፣ ወይም መስመሩ ይቋረጣል። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ እንደገና ቢጠራ ብዬ ጥቂት እጠብቃለሁ። ብዙ ጊዜ አይጠራም። የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀት ወደኔ ስቤ ማረም እጀምራለሁ።